የልብ ወለዱ ባዕድ ፍጡር ሰው ይምሰል ወይስ አይምሰል?

አስተባባሪ፦
ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን ይኸው፦ በሳይንስ ልብ ወለድና በፊልም ከተፈጠሩት ኤሊየኖች የትኛውን ዘር ትወዳላችሁ? «ያስፈራል» ወይም «ያምራል» ብሎ ማለፍ የለም፤ ምክንያት ይቅረብ። የቆየችውን ጠባችንንም አንርሳት፦ ሰው የሚመስል ኤሊየን ይሻላል ወይስ ጨርሶ የማይመስል? ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ፤ ባለፈው ተምታቶብናል።

ክሊንጎናዊ፦
የእኔ የታወቀ ነው፤ ስታር ትሬክ በተባለው ተከታታይ ፊልም ያሉት ክሊንጎኖች። በ1960ዎቹ በቴሌቪዥን ሲጀምሩ ተራ ጠላቶች ነበሩ። ሰው ያደረጋቸው ቋንቋቸው ነው። ማርክ ኦክራንድ የተባለ የቋንቋ ምሁር ለ1984ቱ ፊልም ሰዋስው ሠራላቸው፤ በ1985 መዝገበ ቃላታቸው ታተመ። የቃላቱን ቅደም ተከተል ሆን ብሎ በሰው ልጅ ቋንቋዎች እምብዛም ከማይገኘው መረጠላቸው። እኛ «አበበ በሶ በላ» ብለን ነው ያደግነው። እንግሊዞቹ «አበበ በላ በሶ» ይላሉ። ክሊንጎን ግን «በሶ በላ አበበ» ይላል፤ በይው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ይህን ያወቅሁ ዕለት ደብተር ይዤ የአንደኛ ክፍል ዐረፍተ ነገሮችን ሁሉ ስገለብጥ አመሸሁ። «ጩቤ ጨበጠ ጫላ» ስትሉ ጫላ እስኪመጣ ድረስ ጩቤው በማን እጅ እንዳለ አታውቁም። ከዚህ በላይ ባዕድነት ከየት ይመጣል?

ሶላሪስ፦
ወንድሜ፣ ቋንቋውን እኔም አደንቃለሁ። ክሊንጎን ግን ግንባሩ ላይ ላስቲክ የተለጠፈበት ሰው ነው። ይቆጣል፣ ለክብሩ ይሞታል፣ የአባቱን ደም ይመልሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ለማየት ሌላ ኮከብ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የእዚያው ስታር ትሬክ ሌሎች ባዕዳን፣ የቮልካኖቹ የእጅ ሰላምታ እንኳ ተዋናዩ ሊዮናርድ ኒሞይ በልጅነቱ ምኩራብ ውስጥ ካየው የካህናት ቡራኬ የወሰደው ነው።

የእኔ ምርጫ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሌም በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የሶላሪስ ውቅያኖስ ነው። አባቴ ሶቪየት ኅብረት ሲማር የገዛው የሩሲያኛ ቅጂ ነበረው፤ መብራት በጠፋ ማታ በሻማ እያነበበ በቃሉ ወደ አማርኛ ይመልስልኛል። ፕላኔቱን የሸፈነው ውቅያኖስ ራሱ አንድ ፍጡር ነው። ዓይን የለው፣ አፍ የለው። ሊቃውንቱ ትውልድ በትውልድ ሲያጠኑት ኖረው ቤተ መጻሕፍት የሚሞላ ጽፈዋል፤ ምን እንደሚያስብ የደረሰበት ግን የለም። እሱ ግን ተኝተው ሳሉ የውስጣቸውን ያነብባል። ኬልቪን የሚባለው ተመራማሪ ሲነቃ፣ ከዓመታት በፊት ራሷን ያጠፋችው ሚስቱ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ታየዋለች። አባቴ እዚህች ላይ ሲደርስ ጣቱን ገጹ መሃል አድርጎ መጽሐፉን ይከድንና ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላል። ስጦታ ይሁን፣ ቅጣት ይሁን፣ ሙከራ ይሁን መጽሐፉ አይነግራችሁም። እውነተኛ ባዕድ ቢመጣ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ሐሳቡን ሳይገልጥልን የእኛን ገልጦ ያሳየናል።

ክሊንጎናዊ፦
እህቴ፣ ያባትሽ ነገር ልቤን ነክቶኛል። ግን ጥያቄው «የምትወዱት» ነው የሚለው። የማይመልስልሽን ነገር እንዴት ትወጂዋለሽ? ከክሊንጎን ጋር ተጣልቼ መታረቅ እችላለሁ። ከውቅያኖስ ጋር ማን ሽማግሌ ይቀመጣል?

ሰባት እግር፦
መሃል መንገድ አለ። ቴድ ቺያንግ በ1998 የጻፈው፣ በ2016 «አራይቫል» ተብሎ ፊልም የሆነው ታሪክ። ሰባት እግር ያላቸው ግዙፍ ፍጡራን ናቸው፤ ከሰው ጋር የሚያመሳስላቸው አንድም ነገር የለም። ግን ይጽፋሉ። ፊልሙ ውስጥ ጭስ የመሰለ ጥቁር ቀለም ይረጩና ክብ ይሠራል፤ ዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፣ ሙሉው በአንድ ጊዜ ነው የሚነበበው። የክሊንጎናዊ ጥያቄም እዚያው ይመለሳል፤ የቋንቋ ምሁሯ ያን ከባድ መከላከያ ልብስ አውልቃ በመስታወቱ ላይ መዳፏን ስትዘረጋ ያዩ ይመስክሩ። አንድ ቅር የሚለኝ ነገር ሰዎቹ ለሁለቱ እንግዶች የአሜሪካ ኮሜዲያኖችን ስም አውጥተው በዚያው መጥራታቸው ነው።

የሲኒማ ተማሪ፦
«ኤሊየን» የተባለውን የ1979 ፊልም አስፈሪ ጭራቅ የምትጠሩ ሰዎች፣ ውስጡ ማን እንደነበረ ታውቃላችሁ? ቦላጂ ባዴጆ ይባላል፤ ለንደን የሥነ ጥበብ ተማሪ የነበረ ናይጄሪያዊ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ቁመቱን አይተው ነው የመለመሉት። ያ ቀስ ብሎ የሚዘረጋ ክንድ፣ ያ የሚያስበረግግ እርጋታ የእሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም አልሠራም፤ በ1992 ሲክል ሴል በሚባለው የደም ማነስ በሽታ አረፈ። ስለዚህ «ሰው ይመስላል፣ አይመስልም» ስትባባሉ እኔ ይቺ ትከነክነኛለች፤ ዓለም የፈራው አካል የአንድ አፍሪካዊ ወጣት ነበር፣ ፊቱን ግን ማንም አላየውም።

ጆበርግ የኖረ፦
ልጆች፣ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የእኔ ድምፅ በ2009 ለወጣው «ዲስትሪክት ናይን» ለተባለው ፊልም ፍጡራን ነው። መርከባቸው ጆሃንስበርግ ሰማይ ላይ ተበላሽታ ቆማ የቀረችባቸው፣ በቆርቆሮ ሰፈር ታጉረው የድመት ምግብ የሚሻሙት። የከተማው ሰው «ፕሮን» ብሎ ይሰድባቸዋል፤ ሽሪምፕ የሚሉት የባሕር እንስሳ ማለት ነው።

እኔ በ2008 እዚያው ጆሃንስበርግ ነበርኩ፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ስፓዛ፣ የሰፈር ሱቅ ማለት ነው፣ ነበረችኝ። በግንቦት ወር የውጭ ዜጎች ላይ ሲነሡ ከስልሳ በላይ ሰው ተገደለ። ፍሪጄን ሲጎትቱት ከጎረቤት ቤት ጓሮ ሆኜ አየሁ፤ ከጎታቾቹ አንዱ ጠዋት ዳቦ በዱቤ የሰጠሁት ልጅ ነበር። ፊልሙ የተቀረጸው በዚያው ዓመት፣ ሶዌቶ ውስጥ ቺያዌሎ በሚባለው ሰፈር ነው። ስሙ ራሱ ዲስትሪክት ሲክስን ያስታውሳል፤ ኬፕ ታውን ውስጥ በ1966 «የነጮች ብቻ» ተብሎ ታውጆ ከ60,000 በላይ ሕዝብ የተነቀለበትን ሰፈር።

ፊልሙ ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ፍጡራኑን ከሰፈሩ የሚያስነሣው ሠራተኛ ወረቀት ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ የመነሻ ማስታወቂያ ያስፈርማል። አንዱ ፍጡር ተናዶ ወረቀቱን በእጁ ይመታዋል። ሠራተኛው ጭረቱን አይቶ «ይኸው ፈረመ» ብሎ ያልፋል። እኔም በማላነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ ፈርሜ አውቃለሁ። ሰው ይምሰሉ አይምሰሉ የምትሉት ለኔ አልታየኝም፤ ያየሁት ወረቀቱን ነው።

የሲኒማ ተማሪ፦
ጋሼ፣ የደረሰብዎትን ሳነብ ቃል አጣሁ። ግን ልከራከርዎት። ያው ፊልም ለባዕዳኑ የሰጠውን ርኅራኄ ለናይጄሪያውያን ነፍጓል። ወንበዴዎች፣ ጠንቋዮች፣ የፍጡራኑን ሥጋ በሊታዎች አድርጎ ነው ያሳያቸው። የናይጄሪያ የማስታወቂያ ሚኒስትር የነበሩት ዶራ አኩንዪሊ ሲኒማ ቤቶች እንዳያሳዩት የጠየቁት ያለ ምክንያት አይደለም። መጤ ተጠላ ብሎ የሚቆረቆር ሰው ሌላውን መጤ እንዲህ ይሥላል?

ጆበርግ የኖረ፦
ልክ ነህ ልጄ፣ አልከላከልለትም። ያ የዘረፋ ቀን እኔና አንድ ናይጄሪያዊ ፀጉር አስተካካይ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የተደበቅነው። ፊልሙን ሳይ እሱን አስቤ አፍሬያለሁ። ፍጡራኑን ግን ከነልጃቸው አልተዋቸውም። ክሪስቶፈር ጆንሰን የሚባለው አባት ልጁን አቅፎ ወደ አገሩ የሚመለስበትን መላ ሲቆጥርለት፣ ያ አንበጣ የመሰለ ፊት ጠፍቶብኝ የማየው አባት ብቻ ነበር።

ሶላሪስ፦
ጋሼ፣ እኔ አሁንም ከውቅያኖሱ ጋር ነኝ፤ እዚህ ግን ተሸንፌያለሁ ልበል? አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ክሪስቶፈር ጆንሰን ሰዎቹ ያወጡለት ስም ነው። የራሱ ስም ማነው?

ጆበርግ የኖረ፦
ፊልሙ አይናገርም። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። እኔንም ሎኬሽን ውስጥ ሁሉም «ማይ ፍሬንድ» ነበር የሚለኝ፤ ባለሱቅ ሐበሻን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠሩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜን የጠየቁኝ አንዲት ጎጎ ናቸው፣ በእነሱ አያት ማለት ነው። የፍሪጁም ዕለት ከጓሯቸው የደበቁን እሳቸው ናቸው።