ለቤተሰብ ቪዛ የዲኤንኤ ምርመራ፦ ግዴታ ይሁን ወይስ ይቅር?

አወያይ፦
አሜሪካ የሚኖር አባት ወይም እናት አገር ቤት ያለ ልጁን ለመውሰድ ሲያመለክት፣ ቆንስላው በሰነዱ ካልረካ የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠቁም ይችላል። በሕጉ መሠረት ምርመራው በፈቃድ ነው። ነገር ግን ሌላ አጥጋቢ ማስረጃ የሌለው ሰው እምቢ ካለ ማመልከቻው ውድቅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከዚህ ይልቅ ለሁሉም ግዴታ ይሁን የሚሉ አሉ፣ ጨርሶ ይቅር የሚሉም አሉ። ምክንያታችሁን ከነዝርዝሩ አስቀምጡ።

ማይክሮስኮፕ፦
ግዴታ ይሁን። ሰነዳችን ደካማ መሆኑን እንመን። የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ በመደበኛነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከዓመታት በኋላ፣ በወላጅ ቃልና በምስክሮች ነው። ለቪዛ ሲባል ባለፈው ወር የወጣ ወረቀት የያዘ የ15 ዓመት ልጅ ሲቀርብ ቆንስላው ቢጠራጠር አልፈርድበትም። ዲኤንኤ ግን ምስክር አያስፈልገውም። ላብራቶሪው በዲኤንኤው ላይ 20 ወይም ከዚያ በላይ የተመረጡ ቦታዎችን ያነባል፤ ልጁ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ አንዱን ቅጂ ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ መውሰድ አለበት። ዝምድናውን ለመቀበል የሚጠየቀው 99.5 በመቶ እርግጠኝነት ማለት፣ መነሻውን 50 በ50 አድርገን፣ ውጤቱ ሰውዬው አባት ነው ከሚለው ጋር የሚስማማው በዘፈቀደ ከተመረጠ ዝምድና የሌለው ሰው ጋር ከሚስማማው ቢያንስ 199 እጥፍ ነው ማለት ነው። ለእውነተኛ አባት የሚወጣው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ99.99 ይበልጣል። እውነተኛ ወላጅ ምን ያስፈራዋል?

ፋይል አዘጋጅ፦
ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚጨርስበትን ልናገር። መጀመሪያ ምርመራውን የሚጠቁመው የቆንስላው ደብዳቤ ይምጣ። ከኢንተርኔት በተገዛ የቤት ኪት የተሠራ ውጤት ተቀባይነት የለውም። አመልካቹ አሜሪካ ሆኖ ኤ.ኤ.ቢ.ቢ. የተባለው ማኅበር ዕውቅና የሰጠውን ላብራቶሪ ይመርጣል፣ ወጪውን በሙሉ ይከፍላል፣ የራሱን ናሙናም እዚያው ይሰጣል። ለልጁ የሚሆነው ኪት ከላብራቶሪው በቀጥታ ወደ ኤምባሲው ይላካል። በዘመድ እጅ፣ በሻንጣ፣ በጠበቃ በኩል ካለፈ አበቃለት፤ የናሙናው ሰንሰለት ተበጠሰ ይባላል። ናሙናው የሚወሰደው መታወቂያ ተረጋግጦ፣ ኃላፊነት ባለው ሰው ፊት፣ ጫፉ ጥጥ በሆነ ዘንግ የጉንጭን ውስጠኛ ክፍል በማሸት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ያህል አለመብላት፣ አለመጠጣት፣ ማስቲካ አለማኘክ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከሆነ አፉን በንጹህ ውሃ ማራስ ይገባል፣ ያለዚያ የእናት ሴል ይቀላቀላል። ዘንጉ ደርቆ በወረቀት ፖስታ ይታሸጋል። እርጥብ ሆኖ ላስቲክ ውስጥ ከገባ ይሻግታል፣ ዲኤንኤው ይበላሻል፣ እንደገና መጀመር ነው። ውጤቱም ከላብራቶሪው በቀጥታ ወደ ኤምባሲው ይሄዳል።

የእናት ወገን፦
ማይክሮስኮፕ፣ ወንድሜ፣ «እውነተኛ ወላጅ ምን ያስፈራዋል» የሚለው ጥያቄ ነው የሚያስፈራኝ። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፒ-3 በሚባለው የስደተኞች ቤተሰብ ማገናኛ መስመር ናይሮቢ ላይ 500 ያህል ሰዎችን መረመረች። አብዛኞቹ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ኋላ ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሰፍቶ ወደ 3,000 ሰው ደረሰ። የተባለው ዝምድና ሁሉ የተረጋገጠላቸው ቤተሰቦች ከ20 በመቶ በታች ናቸው ተብሎ መስመሩ ተዘጋ፤ እስከ 2012 እ.ኤ.አ. አልተከፈተም። ሲከፈትም ለወላጅና ልጅ ዲኤንኤ ግዴታ ሆነ። በየመድረኩ «80 በመቶው አጭበርባሪ ነው» ተብሎ ተወራ። ያ ቁጥር ግን እንዲህ አይነበብም። ምርመራውን እምቢ ያሉት፣ ከሰባት ልጅ አንዱ ያልገጠመላቸው፣ ሁሉም በአንድ ከረጢት ገቡ። አንድ ልጅ ካልገጠመ ቤተሰቡ በሙሉ «ያልተረጋገጠ» ነው።

ያ አንዱ ልጅ ማን ነው? የሞተ ወንድም ልጅ ሊሆን ይችላል። ከጦርነት ሽሽት ላይ የተገኘ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። በጉዲፈቻ ያደገ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ልጅ «የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ ለይቶ ማስመዝገብ ነውር ነው፤ እንዳይከፋው ተብሎ «ልጄ» ይባላል። የፒ-3 ቅጽ ሣጥን ግን ባልና ሚስት፣ ወላጅ፣ ያላገባ ልጅ ብቻ ነበር የሚለው። መሣሪያው የሚለካው ደምን ነው። የተጠየቀው ጥያቄ ግን «ቤተሰብህ ማነው» የሚል ነበር።

ማይክሮስኮፕ፦
የ20 በመቶውን አነባበብ እቀበላለሁ። ነገር ግን ልጅ ሽጠው በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ያስገቡ ደላሎች መኖራቸውን ማንም አይክድም፣ እነሱን የሚያስቆም ሌላ ምን አለ? ምርመራውን ከወላጅና ልጅ አልፎ ለወንድምና ለእህት ግዴታ ማድረግን ግን እኔም እቃወማለሁ። ሙሉ ወንድማማቾች በአማካይ የዲኤንኤያቸውን ግማሽ ይጋራሉ፣ «በአማካይ» ነው እንጂ በእያንዳንዱ ጥንድ አይደለም። በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ከሆነ ደግሞ የወንድም፣ የአጎትና የአያት ውጤት እኩል 25 በመቶ ላይ ይወድቃል። በተለመደው ምርመራ አይለዩም። እዚያ ላይ ቪዛ መከልከል ሳይንስን ያለ አቅሙ ማሠራት ነው።

ሦስተኛ ረድፍ፦
ሳይንስን ያለ አቅሙ የማሠራቱ ነገር አዲስ አይደለም። ብሪታንያ በ2009 እ.ኤ.አ. ከሶማሊያ ነን የሚሉ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ዜግነት በዲኤንኤና በፀጉር በጥፍር ምርመራ ለመለየት ሞክራ ነበር። ዜግነት በደም ውስጥ አይጻፍም፤ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ጮኹ፣ ውጥኑም ቀረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳጂድ ጃቪድ፣ መሥሪያ ቤታቸው ሕግ ሳይፈቅድለት ከቪዛ አመልካቾች ዲኤንኤ በግዴታ በመጠየቁ በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። ፈረንሳይ በ2007 እ.ኤ.አ. ሕጉን አወጣች፣ ግን ምርመራው ከእናት ጋር ብቻ እንዲሆን ተገደበ፤ አባትነትን ማንም አይነካም። ማስፈጸሚያ ደንቡን ሚኒስትሩ አልፈርምም አሉ፣ ሕጉ ሳይተገበር ቀረ። የእናት ብቻ የሚለው ገደብ ለእኔ ጥበብ ያለበት ነው።

ፋይል አዘጋጅ፦
የፈረንሳዩ ገደብ እዚህ ቢሆን ለብዙ ሰው እፎይታ ነበር። ሦስተኛ ረድፍ ያነሱት የአባትነቱ ጉዳይ ግን አንድ የማይነገር መውጫ አለው። አባት አመልክቶ ውጤቱ «አባት አይደለም» ቢል ፋይሉ ሁሌ አይሞትም። የልጁ እናት ሚስቱ ከሆነች፣ የተጋቡትም ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከሆነ፣ በአሜሪካ ሕግ የእንጀራ ልጁ ነው፤ በዚያ መሠረት እንደገና ማመልከት ይቻላል። ማደጎ ግን ጠባብ በር ነው፤ በተለመደው የቤተሰብ መንገድ ልጁ 16 ሳይሞላው በሕግ ጉዲፈቻ መደረግ፣ ሁለት ዓመት አብሮ መኖርና ሁለት ዓመት ሕጋዊ አሳዳጊነት ይፈልጋል። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ እንዳያደርጉ ከልክላለች። ስለዚህ የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ሰው የሟች ወንድሙን ልጅ በጉዲፈቻ ሊወስድ ቢፈልግ ከሁለቱም አቅጣጫ ይዘጋበታል። ትልቁ ስህተት ግን ልጁ የእርስዎ እንዳልሆነ እያወቁ «የአብራኬ ክፋይ» ብሎ መፈረም ነው። ያን ጊዜ ጉዳዩ የዝምድና መሆኑ ቀርቶ ሐሰተኛ መግለጫ ይሆናል፤ መዘዙ ከዚህ ልጅ አልፎ ወደ ሌላው ፋይል ይሻገራል።

የእናት ወገን፦
እንግዲህ የአባትየውን ሁኔታ ተመልከቱ። አሥር ዓመት ገንዘብ ሲልክ፣ በስልክ ሲያሳድግ የኖረ ሰው ከላብራቶሪ በመጣ አንድ ገጽ ነው የሚሰማው። እናቲቱ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ናት። ምናልባት ተደፍራ ያረገዘችው፣ ለማንም ያልተናገረችው ይሆናል። ፈቃድ የተጠየቀው አባት ነው፣ የተመረመረው ልጁ ነው፣ ምስጢሩ የተገለጠባት እሷ ናት። የአገራችን የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተወለደን ልጅ አባት ባልየው ነው ብሎ የሚነሳው እኮ እንዲህ ያለውን ቤት ላለማፍረስ ነው።

ማይክሮስኮፕ፦
ይህን አላሰብኩበትም ማለት አልችልም፣ ግን ክብደቱን አሳንሼው ነበር። አንድ የቴክኒክ ነገር ልጨምር፣ ከእናቲቱም ጋር ይያያዛልና። እናት ሳትመረመር አባትና ልጅ ብቻ ሲመረመሩ ምርመራው ይደክማል፤ ልጁ የትኛውን ቅጂ ከእናቱ እንደወሰደ አይታወቅም። እውነተኛው አባት የሰውዬው ወንድም ከሆነ ልዩነቱ በጥቂት ቦታዎች ብቻ ሊታይ ይችላል፤ በአንጻሩ በአንድ ቦታ አለመግጠም በተፈጥሮ ለውጥ ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን «አይደለም» አያሰኝም። ስለዚህ ላብራቶሪው ስለ ወንድም ጥርጣሬ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ያን ልትናገር የምትችለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እናት ብቻ ናት። ለሁሉም ግዴታ ይሁን ያልኩትን አነሳለሁ። ሰነድ ለጎደለው ግን ይቆይ እላለሁ።

የእናት ወገን፦
ይቆይ ካሉ ቅድመ ሁኔታው ይጻፍ። ናሙና ከመወሰዱ በፊት እናቲቱ ለብቻዋ፣ ባልም የባል ዘመድም በሌለበት፣ በምትሰማው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ ምርመራው ምን እንደሚገልጥ ይነገራት። የእንጀራ ልጅ መንገድ እንዳለም በዚያው ቀን ይነገራት። ከፈለገች የአባትየው ማመልከቻ ከምርመራው በፊት በዚያ መንገድ እንዲቀየር ጊዜ ይሰጣት።