ቤት የማይሰራበት ትንሽ የገጠር መሬት ላላችሁ፦ ቀፎ፣ ችግኝና ውሃ ላይ የኔ ጥቆማ

ሰሞኑን "ቤት በማይሰራበት መሬት ላይ ምን ልስራ?" ብላችሁ በውስጥ የጠየቃችሁኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልጻፈው። እኔ ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ከአባቴ የደረሰኝ ግማሽ ጥማድ አለኝ፣ 1,250 ካሬ ገደማ ማለት ነው። መጀመሪያ ለእቃ ማስቀመጫ ብዬ ቆርቆሮ አቆምኩና አፈረሱብኝ፣ ብሩም ድካሙም ቀረ፣ ስለዚህ እባካችሁ በእርሻ ደብተር የተያዘ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ ምንም አታቁሙ። ቤት የማይፈልግ ስራ ሞልቷል።

አንደኛ ምርጫዬ ንብ ነው። ሰው ሁሉ ዘመናዊውን ሳጥን ቀፎ ግዛ ይላል፣ ማሩ ብዙ ነው እውነት ነው፣ ግን የታተመ ሰም (ንቦቹ የሚሰሩበት ቅርጽ የወጣለት የሰም ገጽ) ይፈልጋል፣ ማር ማውጫ ማሽን ይፈልጋል፣ በአካባቢያችሁ ማሽን የሚያውስ ማህበር ከሌለ ባዶ ሳጥን ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። ለጀማሪ የሽግግር ቀፎ (በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለው፣ ከላይ እንጨት የሚደረደርበት) ይሻላል፣ የሰፈር አናጢ ይሰራዋል። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት ከላይ የሚደረደሩትን እንጨቶች በማስመሪያ ለኩ፣ ስፋታቸው 3.2 ሳንቲ ነው መሆን ያለበት፣ አናጢው በግምት ከቆረጠው ንቦቹ የማሩን እንጀራ አያይዘው ይሰሩታልና ስትቆርጡ ሁሉም ይበላሻል። ስልጠና የምትፈልጉ ሆለታ ያለውን የንብ ምርምር ማዕከል ጠይቁ። ጎረቤት ቱፎርዲ (የአረም መድኃኒት) የሚረጭ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ወደ ማታ እንዲረጭላችሁ ለምኑት፣ እኔ ሳልነግረው ቀርቼ አንድ ቀፎ ሙሉ አልቆብኛል።

ችግኝ ላይ አፕል ነው የምለው፣ ደጋ ከሆናችሁ። መንገድ ዳር "የጨንቻ ነው" እየተባለ ዝርያው ሳይታወቅ የሚሸጠው ይረክሳል ግን አንድ ዓይነት ብቻ ገዝታችሁ ከተከላችሁ አበባ እንጂ ፍሬ ላታዩ ትችላላችሁ። አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉትን ሁለት ዝርያዎች አብራችሁ ትከሉ፣ እርስ በርስ ይዳቀላሉ፣ ንቦቹም እዚያው ስራቸውን ይሰራሉ። ግራፍት የተደረገበት ቦታ (ዝርያው ከስረኛው ግንድ ጋር የተጣበቀበት) ከአፈር በላይ ይሁን። ባህር ዛፍ ጥሩ ብር አለው አውቃለሁ፣ ነገር ግን በዚህች ስፋት ጥላውና ስሩ የጎረቤትን ማሳ ይነካልና ጠብ ያመጣል።

ውሃ በሮቶ (የፕላስቲክ ታንከር) ነው ወይስ በጂኦሜምብሬን (ጉድጓድ ውስጥ የሚነጠፍ ውሃ የማያሰርግ ወፍራም ፕላስቲክ) ላላችሁኝ፦ ቤት ከሌለ ጣሪያ የለም፣ ጣሪያ ከሌለ ሮቶውን የሚሞላው አህያ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ጂኦሜምብሬን ማንጠፍ የክረምቱን ጎርፍ ይይዝላችኋል፣ ከላይ በኩል ደለል የሚያስቀር ትንሽ ጉድጓድ ጨምሩ፣ ዙሪያውን ደግሞ በእሾህ አጥሩት፣ ልጅና ጥጃ እንዳይገባበት።

ጥበቃውን እኔ አጠገቤ ላለ አርሶ አደር ማሩን እኩል ብዬ ሰጥቼዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ የተነካ ቀፎ የለም።