ትንንሾቹን የቆሮሶ ዓሣዎች ወንድና ሴት መለየት አቃተኝ
ሰበታ ዳር ባለች 20 ካሬ ኩሬ 150 የቆሮሶ ጫጩቶች አሉኝ፤ 6 ወራቸው ነው፣ ከ15 እስከ 30 ግራም ይመዝናሉ። ሌሊት ውኃው 17 ዲግሪ ስለሚወርድ ቶሎ አያድጉም። ሴቶቹ ካልወጡ ደግሞ ኩሬው በልጆቻቸው ተጨናንቆ ሁሉም ይቀጭጫል።

በእርጥብ ጨርቅ ይዤ፣ ሆዳቸውን ገልብጬ፣ ቀዳዳው ጎልቶ እንዲታይ ጂቪ (ሐምራዊውን የቁስል ቀለም) በጥጥ ቀባሁ። ትልልቆቹ ግልጽ ናቸው፦ ከፊንጢጣ ኋላ ያለው ጉብታ በወንዱ ሹል ነው፣ ጫፉ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው፤ በሴቷ አግድም ስንጥቅ ይጨመርበታል። ከ20 ግራም በታች ባሉት ግን ስንጥቁ አይለይም። በመልክ መገመትማ አያዋጣም፤ ወንድ ብዬ የተውኳት አንዷ ትናንት አፏ ውስጥ እንቁላል ይዛ ተገኘች።

ትንንሾቹን ሳይጎዱ አሁኑኑ መለየት ይቻላል ወይስ 30 ግራም እስኪሞሉ ለብቻ ላቆያቸው?