ዊንዶውስ 11 አልቀበል ያለ ዴስክቶፕ፦ የቲፒኤም ሞጁል ልግዛ ወይስ ባዮስ ላይ ይስተካከላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዴስክቶፑ ኮር አይ5 8500፣ ራም 8 ጊጋ፣ ኤስኤስዲ 256 ነው። ዊንዶውስ 11 ስጭን "ቲፒኤም 2.0 የለም" ይለኛል፣ የደኅንነት ቁልፎች የሚቀመጡበትን ቺፕ ማለቱ ነው። ኤምኤስኢንፎ32 (የዊንዶውስ የሲስተም መረጃ ማሳያ) ላይ ባዮስ ሞዱ "ሌጋሲ" (አሮጌው የማስነሻ ዘዴ) ነው። ሌላ አይ5 6300ዩ ላፕቶፕም አለ፣ ቲፒኤሙ 1.2። ሞጁል ገዝቼ ልሰካ? ፎርማት ሳላደርግስ ይሆናል? የሒሳብ ሶፍትዌሩ መጥፋት የለበትም።

መልስ 1፦
ሞጁሉን አይግዙ። 8500 የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ስለሆነ ማይክሮሶፍት ይቀበለዋል፤ ቲፒኤሙም ፒቲቲ በሚል ስም አብሮት አለ፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ላይ ስላልበራ ነው የማይታየው። ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም ይሉታል። ደግሞም የሞጁል ፒን ከቦርድ ቦርድ ስለሚለያይ የአንዱ ለሌላው አይገባም።

ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። ዲስኩ ኤምቢአር (የድሮው የዲስክ አከፋፈል) ሆኖ ሳለ ሲኤስኤምን (በሌጋሲ ዘዴ ማስነሳትን የሚፈቅደውን) ካጠፉ ማሽኑ የሚነሳበት ዲስክ አጥቶ ይቆማል። ዳታው አልጠፋም፣ ሲኤስኤምን መልሰው ሲያበሩት ይነሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ዲስኩን ወደ ጂፒቲ (አዲሱ አከፋፈል) ይቀይሩ። በውጪ ዲስክ ባክአፕ ይያዙና ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተው ይህን በላቲን ፊደል ይጻፉ፦

ኤምቢአር2ጂፒቲ /ቫሊዴት /አላውፉልኦኤስ (mbr2gpt /validate /allowFullOS)

ስህተት ካላመጣ "ቫሊዴት" የሚለውን በ"ኮንቨርት" (convert) ተክተው ይድገሙት። መብራት መሃል ላይ እንዳይሄድ ዴስክቶፑ ዩፒኤስ ላይ ይሁን። ሲያልቅ ባዮስ ገብተው ሲኤስኤምን ያጥፉ፣ ፒቲቲን ያብሩ። ዊንዶውስ በሰላም ከተነሳ በኋላ ብቻ ተመልሰው ሰኪዩር ቡትን (ያልታመነ ሶፍትዌር ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክለውን) ያብሩ። ሁሉንም ባንዴ ከነኩ የቱ እንዳስቸገረ አይለይም።

መልስ 2፦
ከላይ ባለው ላይ ልጨምር። ቫሊዴት ላይ ካልተሳካ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ነው፦ ፕራይመሪው ከ3 በልጧል፣ ወይም ሎጂካል ፓርቲሽን አለ። ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ዲ ድራይቭ በጥቁር አረንጓዴ መስመር ታጥሮ ከታየ ኤክስቴንድድ ውስጥ ያለ ሎጂካል ነው። ፋይሉን ወደ ውጪ ገልብጠው ፓርቲሽኑን ያጥፉት፤ ከኮንቨርት በኋላ መልሰው ይፈጥሩታል።

የቆየ ግራፊክስ ካርድ ከተሰካበት ሲኤስኤም ሲጠፋ ስክሪኑ ጥቁር ሊሆን ይችላል፣ ካርዱ ዩኢኤፍአይን (ሌጋሲን የተካውን አዲሱን ዘዴ) ስለማያውቅ። ካርዱን ነቅለው ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ይሰኩ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ካለ ባዮስ ከመንካትዎ በፊት ሰስፔንድ ያድርጉ፣ ባለ 48 አሃዙን የሪከቨሪ ቁልፍም ወረቀት ላይ ይጻፉ። "ክሊር ቲፒኤም" የሚለውን በፍጹም አይንኩ፤ ውስጡ ያሉትን ቁልፎች ያጠፋል።

መልስ 3፦
ላፕቶፑ ሌላ ጉዳይ ነው። 6300ዩ 6ኛ ትውልድ ስለሆነ ቲፒኤሙ ወደ 2.0 ቢያድግ እንኳ ፕሮሰሰሩ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም። በሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ውስጣዊ ቅንብር) ማስገደድ ይቻላል፣ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለ ማሽን ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። ሒሳብ ለሚሠራበት ማሽን አልመክርም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ለግል ተጠቃሚ የተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያ እስከ ኦክቶበር 2026 ድረስ ነው የታወጀው። ለብራውዘርና ለጽሑፍ ብቻ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ጥሩ አድርጎ ይሠራበታል።

ጠያቂ፦
ዲስኩ ጂፒቲ ሆኗል፣ ፒቲቲም በርቷል። ሰኪዩር ቡት ግን ባዮስ ላይ "ኢኔብልድ" እያለ ኤምኤስኢንፎ32 "ኦፍ" ይለዋል።

መልስ 1፦
ቁልፎቹ አልተጫኑም ማለት ነው። ሰኪዩር ቡት ሜኑ ውስጥ ሞዱን ከ"ከስተም" ወደ "ስታንዳርድ" ይመልሱ፣ ወይም የፋብሪካ ቁልፎችን መልስ የሚለውን ይምረጡ። ሴቭ አድርገው ሲወጡ "ኦን" ይላል።