ፒችትሪ የሦስት ግራንት ወጪ ደባለቀብኝ፣ ሪፖርቱ ዓርብ ነው፣ ድረሱልኝ!

የፒያሳዋ (ጠያቂ)፦
ሰላም ናችሁ፣ ከደሴ ነኝ። የሒሳብ ሶፍትዌሬ ፒችትሪ ተበላሽቶብኛል። ሦስት የጥናት ግራንት (የረጂ ገንዘብ) ነው የምይዘው፤ ባንኩ አንድ ነው። ረጂው የወባውን ጥናት ብቻ፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 2024 ያለውን በጀትና ወጪ ለይተሽ ላኪ አለኝ። ኢንካም ስቴትመንት (የገቢና ወጪ መግለጫ) ሳወጣ የሦስቱም አበል በአንድ የሒሳብ ቁጥር፣ 6020 ላይ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ያውም ከበጀት በላይ! ከጁላይ 8 በፊት ያለውንማ ላስተካክል ስል ጭራሽ እምቢ አለኝ። መብራቱም ሄድ መለስ እያለ ነው። ምን ላድርግ?

ቦርከና፦
ባካፕ (የሒሳቡ መጠባበቂያ ቅጂ) አለሽ?

ጋሽ ሌጀር፦
ልጄ፣ ሶፍትዌሩ አልተበላሸም። ፒችትሪ የነጋዴ ዕቃ ነው፤ ያልነገርሽውን ከየት ያመጣል? በኛ ጊዜ ለየረጂው መዝገቡ ለብቻ፣ የባንክ ሒሳቡ ለብቻ ነበር። ቫውቸሩ ራስጌ ላይ የማን ገንዘብ እንደሆነ በቀይ እስክሪብቶ ሳይጻፍ ቼክ አይፈረምም። ዛሬ ኮምፒውተር አለ ተብሎ ሁሉም አንድ ጆንያ ውስጥ ይከተታል።

ሹሩባ፦
ጋሼ፣ ልጅቷ ዓርብ ነው ያለችው፣ ለከርሞ አላለችም ሃሃ

የኮምቦልቻው፦
ወጪ ስታስገቢ በስተቀኝ "ጆብ" የሚለውን፣ ወጪው የየትኛው ሥራ እንደሆነ የሚነገርበትን ሳጥን ትሞያለሽ? ባዶ ከተውሽው የተደባለቀው በዚያ ነው። ለሦስቱ ግራንት ሦስት ጆብ ክፈቺ። የረጂውን የበጀት መስመሮች (አበል፣ ትራንስፖርት፣ ሪኤጀንት) ፌዝ (የጆቡ ንዑስ ክፍል) አድርጊያቸው፤ በጀቱን እዚያው የጆቡ ግምት ላይ ጻፊ። ከዚያ የተመዘገበውን ክፍያ አንድ በአንድ እየከፈትሽ ጆቡን መርጠሽ ሴቭ በይ። ያሰለቻል፤ እኔ 140 ቫውቸር ይዤ አንድ ቀን ተኩል ፈጅቶብኛል። ሪፖርቱን ደግሞ ወጪን በየጆቡ በሚዘረዝረው ጆብ ሌጀር ላይ ፈልጊው፤ ኢንካም ስቴትመንት የማን ጆብ እንደሆነ አይለይልሽም።

የፒያሳዋ፦
ባዶውን ነው የምተወው፣ የነገረኝም የለ። የ2016ን፣ እስከ ጁላይ 7 ያለውን ሒሳብ ደግሞ ነሐሴ ላይ ዘግቼዋለሁ።

የኮምቦልቻው፦
ምነው ሸዋ! ዋናውን ደብቀሽን ኖሯል። የተዘጋ ዓመት ላይ እርማት አይገባም። ከመዝጋትሽ በፊት የወሰድሽው ባካፕ ካለ እንደ አዲስ ካምፓኒ ሪስቶር አድርጊው (መልሰሽ ጫኚው)። አደራ፣ ባለው ላይ እንዳትደርቢው፣ የዘንድሮው ይጠፋል። እስከ ጁላይ 7 ያለውን ከዚያ፣ ቀሪውን ከዋናው አውጥተሽ ኤክሴል ላይ ደምሪ። ባካፕ ከሌለ በጀኔራል ጆርናል 6020ን የወባውን ጆብ መርጠሽ ዴቢት፣ ያንኑ 6020 ጆቡን ባዶ ትተሽ ክሬዲት አድርጊ። ሌጀሩ ላይ ይጣፋል፣ ጆቡ ግን ወጪውን ያገኛል። ቀኑ የዘንድሮ ስለሚሆን ማብራሪያው ላይ የዱሮውን ቫውቸር ቁጥርና ቀን ጻፊ፤ ኦዲተር ሲመጣ እኔን ታመሰግኛለሽ።

የጦሳ ልጅ፦
እኔ ግን "ከበጀት በላይ" ያልሽው ራሱ አልተዋጠልኝም። ሦስት ግራንት ተደባልቆ ምኑ ከምኑ በላይ ነው? ግራንቱ በዶላር ከሆነስ በጀቱን በስንት አባዛሽው?

የፒያሳዋ፦
በ57። 40,000 ዶላሩን 2,280,000 ብር ብዬ።

የጦሳ ልጅ፦
ይኸውልሽ! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያ ቁጥር የት አለ? ከዚያ በኋላ የገባው ዶላር ብዙ ብር ነው የሚያመጣው፣ በጀትሽ ግን የቆመው በድሮው ነው። እያንዳንዱን የገባ ገንዘብ ባንኩ በመነዘረበት ቀን ተመን አስልተሽ ወጪውን ወደ ዶላር መልሺ፤ የባንኩን ክሬዲት አድቫይስ (ገንዘቡ መግባቱን የሚገልጸውን ወረቀት) አያይዢ። ፒችትሪ ሁለት ገንዘብ ጎን ለጎን አይዝልሽም፣ ይሄ የኤክሴል ሥራ ነው። የምንዛሪው ትርፍ የማን እንደሆነ ውሉን እዪ፤ መልሱ የሚል ረጂ አለ።

ሹሩባ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ቡናውን አፍልተን መጥተን ቫውቸር እናነብልሻለን።

ቦርከና፦
ባካፕ!!!

የፒያሳዋ፦
አለ፣ አለ! የነሐሴው ፍላሽ ላይ ነው። ፍላሹን የያዘችው ጓደኛዬ ግን ዛሬ ጠዋት ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ ገብታለች። ነገ በሚኒባስ ሹፌር ልላክልሽ ብላለች።

ጋሽ ሌጀር፦
የዓመት ሒሳብ በሚኒባስ ሹፌር?

የኮምቦልቻው፦
የፒያሳዋ፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ፍላሹ ደረሰ?

የኮምቦልቻው፦
ኧረ ድምፅሽን አሰሚን።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ፒችትሪ 2010 አልጫንም አለኝ። ደሴ ውስጥ የሚጭንልኝ ሰው ይኖራል?

ቦርከና፦
መጀመሪያ ባካፕ አለህ?