ክርክር፦ ቤት በእንጨት ቢሠራ ለአካባቢ ይሻላል?

የአናጢ ልጅ፦ ትናንት አንድ ወንድማችን «የእንጨት ቤት ደን ይጨርሳል፣ ሁሉም በብሎኬት ይሥራ» ብሎ ነበር። አልስማማም። የደረቀ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከአየር የተወሰደ ካርቦን ነው። ግድግዳ ሆኖ እስከቆመ ድረስ እዚያው ይቆያል። ሲሚንቶ ግን የኖራ ድንጋይ በ1,450 ዲግሪ ገደማ ተቃጥሎ ነው የሚመጣው። ለእሳቱ የሚነደው ሳይቆጠር ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ይለቃል።

ሲቪሏ (ሲቪል መሐንዲስ)፦ እሺ፣ እንጨቱ ከየት ይምጣ? ዝግባውና ጥዱ በብዙ ቦታ የቀረው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው።

የአናጢ ልጅ፦ እኅቴ፣ ዝግባ ማን ይቆረጥ አለ? ባህር ዛፍ ነው የምለው። ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ደግሞስ አርማታው ያለ እንጨት ይቆማል እንዴ? እኛ ሰፈር አንድ ፎቅ እየተሠራ ነው። ሶሌታው (የአርማታው ወለል) ሥር አጣናው ጫካ መስሏል። ሥራው ሲያልቅ የተሰባበረው ለማገዶ ይሸጣል። ዛፉን እንደሆነ እየቆረጥን ነው! ታዲያ ጥቂት ወር አገልግሎ ከሚነድ፣ ግድግዳ ውስጥ 50 ዓመት ቢኖር አይሻልም?

የጎጃሙ ልጅ፦ አባቴ ማሳው ዳር ባህር ዛፍ ተክሏል። ገንዘብ ነው፣ አልክድም። ግን አጠገቡ ጤፉ ይቀጭጫል። ምንጭ ዳር ከተተከለማ ውሃውን ይመጥጠዋል። የት እንደሚተከል ሳታነሱ «ለአካባቢ ጥሩ ነው» አትበሉ።

ሲቪሏ፦ ምስጡስ? አያቴ ቤት ምሰሶው ከውጭ ደህና ይመስላል። ስጫነው ጣቴ ወደ ውስጥ ገባ። በየ10 ዓመቱ አዲስ ዛፍ የሚያስቆርጥ ቤት ምኑ ነው ጥቅሙ?

የአናጢ ልጅ፦ ይሄ እውነት ነው። ግን ቋሚውን አፈር ውስጥ ስለምንቀብረው ነው። የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም፣ የጣሪያው ክፈፍ ይርዘም። ላሊበላ አጠገብ ያለው የይምርሃነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ድንጋይ ተደራርቦ ከ800 ዓመት በላይ ቆሟል።

ሲቪሏ፦ እሱ እኮ ዋሻ ውስጥ ነው! ዝናብ አያገኘውም።

የአናጢ ልጅ፦ እኔስ ምን አልኩ? እርጥበት ካልነካው ይኖራል። ኖርዌይ ብሩሙንዳል ውስጥ በ2019 እ.ኤ.አ. ባለ 18 ፎቅ የእንጨት ሕንፃ ተመርቋል። ከ85 ሜትር በላይ ነው።

ሲቪሏ፦ የላይኞቹ ፎቆች ወለል ግን ኮንክሪት ነው፤ ነፋስ እንዳያወዛውዘው ክብደት ተጨምሮለት። እንጨቱም ፋብሪካ ውስጥ ተነባብሮ የተጣበቀ ነው፤ የኛ አጣና አይደለም። ለጂ ፕላስ ዜሮ (ፎቅ ለሌለው ቤት)፣ ቋሚው ከአፈር ከራቀ፣ እስማማለሁ። ለፎቅ ከአርማታ አልወርድም።

የጎጃሙ ልጅ፦ ከምንጩም ይራቅ።