ቅዳሜ የሚሰቀለው የበሬ ራስ ቅል ዱቄት እየሆነብኝ ነው፤ ፈጥናችሁ መልሱልኝ

ጀበና ከፒያሳ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ የምከፍታት ትንሽ ቡና ቤት ቅዳሜ ትመረቃለች። ከጀበናው በላይ ግድግዳው ላይ የሚሰቀል የበሬ ራስ ቅል አዘጋጅቼ ነበር። ቀንዱ የራያ በሬ ቀንድ ነው፤ እንዲህ ያለ ሁለተኛ አላገኝም። ቀቀልሁት፣ ሥጋውን ፋቅሁት፣ አነጣሁት፣ ትናንት አምሮ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስነካው ጣቴ ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል። ግንባሩና የቀንዱ ሥር ቢጫ ቅባት እያወጣ ነው። የላይኛው የፊት ጥርሶች በሙሉ ጠፍተዋል፣ የታችኛው መንጋጋ ለሁለት ተሰብሯል፣ አንደኛው ቀንድ ስይዘው ይዞራል። ሽታም አለው። ቫርኒሽ ብቀባው ይሻላል? እባካችሁ።

ባቲ ሰኞ፦
ጉንዳን ያለበት ቦታ ላይ አስቀምጠው። ጉንዳን የማያጸዳው አጥንት የለም።

የሐርቡ ሙቀት፦
ባቲ ሰኞ፣ ጥያቄውን አንብበኸዋል? ሥጋው አልቋል፤ ጉንዳኑ መጥቶ ቫርኒሹን ይብላ?
ጠያቂው ወንድሜ፣ «አነጣሁት» ያልኸው በምንድን ነው? ዋናውን ነገር ዘልለኸዋል።

ሐኪመ እንስሳ፦
የሚቸኩል ሰው መኖሩን አይቻለሁ፤ ቢሆንም ይህን ሳልናገር አላልፍም። በሬው እንዴት ሞተ? በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ጥቁር ደም የፈሰሰው፣ ደሙም የማይረጋ ከብት አይከፈትም፣ አይገፈፍም፣ ራሱም አይቆረጥም። ይህ የአባ ሰንጋ ምልክት ነው። የአባ ሰንጋ ዘር አየር ሲያገኝ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራና አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ በድስት ማንተክተክም አይታመንበትም። እንዲህ ያለ ከብት ሲገኝ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል እንጂ ለጌጥ አይፈለግም። ሜዳ ላይ ወድቆ ያገኙትን ራስ ቅል ተሸክመው ቤት የሚገቡ ሰዎችም ይህን ያስቡ።
ሁለተኛ፣ ትኩስ ራስ የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ፤ አንጎሉ ወደ ዓይኑና ወደ አፉ እንዳይረጭ ይጠንቀቅ። ሦስተኛ፣ የበግ ራስ ከሆነ አንጎሉን ለውሻ አትስጡ። በጎቻችንን እያዞረ የሚገድለው አዙሪት ከውሻ ወደ በግ፣ ከበግ አንጎል ወደ ውሻ እየተመላለሰ የሚኖር ትል ነው።

ጀበና ከፒያሳ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ በሬው ግን የቅርጫ ነው። ሥጋውን ሠፈሩ በሙሉ በልቶት ሁሉም ደኅና ነው። ያነጣሁት በበረኪና ነው፤ ሌሊቱን ነክሬው አደረ። በምን ይነጣል ታዲያ?

የሐርቡ ሙቀት፦
እንደ ጠረጠርሁት ነው። የአጥንት ክብደት ሢሶ ያህሉ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ የቀረው ማዕድን ነው። ማዕድኑን አያይዞ የሚያቆመው ኮላጅኑ ሲሆን በረኪና የሚበላው ይህንኑ ነው። ስለዚህ አጥንትህ ተበላ እንጂ አልነጣም። በላዩ ውሃ ብታፈስበትም በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረው በረኪና ሥራውን አያቆምም። ዛሬውኑ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፤ የበረኪናው ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ጠዋትና ማታ ውሃውን ቀይር። በብሩሽ አትፈግፍገው።

ቢጫው ቆሻሻ አይደለም፤ የአጥንቱ ስብ ነው። ለቅርጫ የሰባ በሬ አጥንቱም ስብ ነው። ስታንተከትከው ስቡ ወደ ውስጥ ሰርጓል፤ ኮላጅኑም ቀልጦ ወጥቷል፤ የቅልጥም ሾርባ ሲበርድ የሚረጋው እሱ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ግድም ነው፤ ያ ግን ለአጥንት በጣም ብዙ ነው። ሥጋው ባይፋቅ እንኳ ራሱን ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ በውሃ ሞልቶ መተው ይበቃ ነበር፤ ባክቴሪያ ራሱ በልቶ ይጨርሰዋል። ሽታው ከጎረቤት ያጣላል፣ አጥንቱ ግን ጤነኛ ሆኖ ይወጣል።

አሁን የሚያስፈልገው ስቡን ማውጣት ነው። እጅ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ፣ ዕቃ የምናጥብበት ፈሳሽ ሳሙና (ላርጎ የምንለው)፣ ጊዜ። በረኪና የተቀላቀለበት ሳሙና እንዳይሆን። ውሃው ሲደፈርስና ስቡ ሲንሳፈፍ እየደፋህ ቀይር። ለበሬ ራስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። የደሴ ብርድ ሥራውን ያዘገየዋል፤ ኮምቦልቻ ወይም እኛ ዘንድ ዘመድ ካለህ ጥቁር በርሜል ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ያቆይልህ። ስቡ ሳይወጣ የነጣ አጥንት ሁሉ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ቫርኒሽማ ስቡን ከውስጥ ይቆልፍበታል፤ አትንካው።

እቴ አምባሰል፦
ልጄ፣ እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ቤት ውስጥ የሞተ ከብት ራስ ለምን ይሰቀላል? በእኛ መንደር የበሬ ራስ ቅል የሚሰቀለው የበርበሬ ማሳ አጥር ላይ ነው፤ የሰው ዓይን ቀድሞ እሱ ላይ እንዲያርፍ። ግድግዳህ ባዶ ከሆነ ሰፌድ ስቀልበት፤ ማን አስቸገረህ? የግድ እሰቅለዋለሁ ካልህ ደግሞ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈው፤ ሽታውን ያጠፋዋል።

የሐርቡ ሙቀት፦
እትዬ፣ ስለ ግድግዳው እስማማለሁ፤ አቼቶውን ግን ይተዉት። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። በረኪናው ባይኖር እንኳ አቼቶም ሎሚም የአጥንቱን ማዕድን ያሟሟሉ። አንዱን በረኪና በልቶታል፣ ሌላውን አቼቶ ከበላው ቅዳሜ የሚሰቀለው ሚስማሩ ብቻ ነው።

ዋንጫ ጠራቢ፦
ስለ ቀንዱ እኔ ልመልስ፤ ዋንጫና የቀንድ ማንኪያ የሚጠርቡ አባት አሳድገውኛል። ቀንድህ አልተሰበረም። የላይኛው ቅርፊት ከጥፍር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ውስጡ የአጥንት እንብርት አለ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ስስ ሽፋን አለ። የሚሸተው እሱ ነው። ቀንዱን ሳያወጡ ራስ ቅል የሚሰቅሉ ሰዎች ሽታው ከየት እንደሚመጣ እየፈለጉ ይኖራሉ። የሚዞረውን እያጠማዘዝህ ወደ ላይ ሳበው፣ ይወጣል። ሌላው እምቢ ካለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፤ በመዶሻ እንዳትመታው። ውስጡን በሳሙና እጠብ፣ የእንብርቱን ሽፋን ፋቅ፣ ሁለቱንም ጥላ ውስጥ አድርቅ። ፀሐይ ላይ ያደረቅኸው ቀንድ ይሰነጠቃል። ቀኝና ግራውን ምልክት አድርግበት፤ ካልሆነ መመለሻው ይጠፋሃል።

ጥርሱን ስትፈልግ የነበረ ከሆነ ደግሞ ተወው። በሬ የላይ የፊት ጥርስ ኖሮት አያውቅም። ላምም፣ በግም፣ ፍየልም የላቸውም፤ የታችኛው ስምንት ጥርስ የሚገጥመው ከላይ ባለው ጠንካራ ድድ ነው። የታችኛው መንጋጋም አልተሰበረም፤ ከመጀመሪያውም ሁለት ግማሽ ነው፤ ያያያዘው ነገር ሲቀቀል ይለያያል። አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ይበቃዋል።

ኩታበሬ፦
ጋራዥ ነው የምሠራው። ስብ በቤንዚን ነው የሚለቀው። ሌሊት ቤንዚን ውስጥ ይደር፣ ጠዋት ያበቃል።

ጀበና ከፒያሳ፦
ቤንዚን ብነክረው ለቅዳሜ ይደርሳል?

የሐርቡ ሙቀት፦
ከሰል በሚነድበት ቡና ቤት ቤንዚን የጠጣ አጥንት ሰቅለህ እንግዳ ልትጠራ ነው? ተወው። ደግሞም አጥንትህ ውሃ ውስጥ ነው፤ ውሃ የጠጣ አጥንት ቤንዚን አያስገባም።

ኩታበሬ፦
ስንት ሞተር አጥቤበታለሁ፤ ቤንዚን ይሻላል።

ሐኪመ እንስሳ፦
ሞተር አይደለም ወንድሜ።

የሰይንት ጉም፦
ለቅዳሜ ቸኩለህ ከሆነ እኔ ዘንድ ዝግጁ የጭላዳ ራስ ቅል አለ፤ የውሻ ጥርሱ ብቻ ያስደነግጣል። በውስጥ መልእክት አናግረኝ።

ሐኪመ እንስሳ፦
ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኝ የዱር እንስሳ ነው፤ ቦረና ሰይንት ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የዱር እንስሳ አካል ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ያስጠይቃል። የቅርጫ በሬ የሚያስጠይቅህ ለሥጋው ድርሻ ብቻ ነው፤ በዚያው እንጽና።

ጀበና ከፒያሳ፦
ገባኝ፤ ለቅዳሜ አይደርስም። ግድግዳው ላይ ግን ሚስማሩን መትቻለሁ። ደግሞ በረኪና ካልሆነ በምን እንደሚነጣ ማንም አልነገረኝም።

ዋንጫ ጠራቢ፦
ቅዳሜ ቀንዶቹን ብቻ ስቀል። ሁለቱም ከወጡልህ የወይራ ጣውላ ላይ ከሥራቸው አጥብቃቸው። ቫዝሊን በጨርቅ ስስ አድርገህ ብታሽባቸው ያበራሉ። ቅቤ አትቀባ፤ ይሸታል። ከዚያ በኋላ ብል እንዳይበላቸው አልፎ አልፎ እያወረድህ ጥረግ፤ ብል ሱፍ እንደሚበላ ቀንድም ይበላል። ራስ ቅሉ ሲደርስ ቀንዶቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

የሐርቡ ሙቀት፦
ማንጫው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው 3 በመቶ የሆነው ይበቃል፤ ግን ለበሬ ራስ ብዙ ጠርሙስ ስለሚፈልግ ኪስ ይጎዳል። ርካሹ መንገድ የፀጉር ቤቶች ከቀለም ጋር የሚቀላቅሉት ክሬም ነው። 20 ቮልዩም የሚለው 6 በመቶ፣ 40 የሚለው 12 በመቶ ነው፤ ያንተ አጥንት ተጎድቷልና 20ውን ውሰድ። ጓንትና መነጽር አድርገህ በብሩሽ ቀባው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለህ አሳድረው፣ ከዚያ በውሃ እጠበው። ቀንዱን አያስነካ፤ ጥቁሩን ያደበዝዘዋል። ፈሳሹን ከተጠቀምህ ዕቃውን አጥብቀህ አትክደን፤ ኦክስጅን ስለሚያወጣ የታሸገ ጀሪካን ይፈነዳል። በብረት ዕቃም አይሁን።
ይህ ሁሉ ስቡ ካለቀ በኋላ ነው። የሚረግፈውን ክፍል ግን፣ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ በስሱ ደጋግመህ አጠጣው። እንደ ድሮው አይሆንም፤ መርገፉን ግን ያቆማል።

እቴ አምባሰል፦
ከፀጉር ቤት የሚገዛው ክሬም የቆየ ከሆነስ? ለእኔ አይደለም፤ የወንድሜ ልጅም ይህንኑ ጀምሯል፤ ቤቱ በርሜል በበርሜል ሆኗል።

የሐርቡ ሙቀት፦
ሲቆይ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ሥራ አይሠራም። ከጠርሙሱ ትንሽ የተቆረጠ ድንች ላይ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካላወጣ ሞቷል። ከፀሐይ አርቆ ማስቀመጥም ያስፈልጋል።

ኩታበሬ፦
ጠያቂው ግን ቀንዱን አወጣው? ቅዳሜ አልፏል እኮ።

ባቲ ሰኞ፦
እሱ ቡና እየቸረቸረ ነው፤ አይመልስም። እኔም እንግዲህ ቁም ነገር ልጠይቅ። ከባቲ ወደ ቆላው ወረድ ሲሉ ሜዳ ላይ ፀሐይ ያነጣው የግመል ራስ ቅል አየሁ፤ ከፊት ከላይ በኩል ጥርስ የለውም። ይህም እንደ በሬው ነው?

ዋንጫ ጠራቢ፦
አይደለም። ግመል የላይ የፊት ጥርስም የውሻ ጥርስም አለው፤ ካጣኸው ወልቆ እዚያው አካባቢ ወድቋል።

ሐኪመ እንስሳ፦
ጥርሱን ከመፈለግህ በፊት ግመሉ በምን እንደሞተ የአካባቢውን ሰው ጠይቅ።